ፖከር ላይ ጥንድ (ሁለት ተመሳሳይ ካርታ) ይዤ ለምንድነው ሁሌ ምሸነፈው ላልከኝ ልጅ

ጥያቄህን ሌላውም ሰው እንዲገባው ላሳጥረው። ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ነህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሆናችሁ ቴክሳስ ሆልደም ሚባለውን ፖከር ትጫወታላችሁ (ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፣ አምስት የጋራ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል)፣ ቺፕስ ስለሌላችሁ በቆርኪ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው 2000 ይዞ ይጀምራል፣ ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰው በግድ ሚያስቀምጠው) 10 እና 20 ነው፣ መጀመሪያ ቆርኪው ያለቀበት እሁድ አሳ ይጋብዛል። ባለፈው ጃክ ጃክ ይዘህ ወደ 60 ሬይዝ አረክ (ከፍ አረከው)፣ ሦስት ሰው ኮል አለ (ያንኑ ከፍሎ ገባ)፣ ፍሎፑ (መጀመሪያ ሚዘረጉት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ኪንግ 8 3 ወጣ፣ 200 አስያዝክ፣ አንዱ 600 አረገው፣ አንተ «ጃክ ጃክ እኮ ነው» ብለህ ኦል ኢን ገባህ (ያለህን ሁሉ አስያዝክ)፣ ልጁ ኪንግ 9 ዘረጋ። ከዛ በፊት ደግሞ 4 4 ይዘህ፣ በእጁ 350 ብቻ የነበረው ልጅ 80 ሲያረገው ፎልድ አልክ (ካርታህን ጣልክ)፣ ፍሎፑ ላይ 4 ዱብ አለ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደህም። «ጋሼ፣ ጥንድ ለኔ አልተፈጠረም ወይስ አጨዋወቴ ነው?» ነው ያልከው።

አጨዋወትህ ነው። ግን የጸጸተህና የተሳሳትክበት ቦታ ለየቅል ናቸው። 4 4 መጣልህ ልክ ነበር፣ በጃኩ ሬይዝ ማረግህም ልክ ነበር፣ ያ 600 ሲመጣ ነው ነገር የተበላሸው። ጋሼ ማለትህን ደግሞ ተው፣ ገና ጸጉሬ አልሸበተም። ስታትስቲክስ ማስተማር እንጀራዬ ነው፣ ካርታው ከተማሪነቴ ጀምሮ ያለብኝ አመል ነው፣ ኔት ጠፍቶ ማታም በጊዜ መግባት ግድ በሆነበት ሰሞን ደግሞ ባሰብኝ፣ ሽምብጥ ግቢያችን ውስጥ መብራት ሲሄድ በሻማ ሁሉ ተጫውተናል።

መጀመሪያ ያቺን «ሁሌ» ምትላትን እንያት። ሁለት ካርታ ሲታደልህ ጥንድ የመሆኑ ዕድል ከ17 አንድ ነው። አንድ የተወሰነ ጥንድ፣ በል ኤስ ኤስ፣ ከ221 አንድ ነው። እናንተ እየተሳሳቃችሁ፣ ቡና እየተቀዳ፣ አንዱ ስልክ እያወራ በሰዓት 25 ዙር ብትጫወቱ ነው፣ ሦስት ሰዓት ብትቀመጡ 75 ዙር። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ጥንድ ሚመጣልህ አራት አምስቴ ነው፣ ኤስ ኤስ ደግሞ በአማካይ በሦስት ቅዳሜ አንዴ። አራት ጊዜ መጥቶ ሦስቱን ከተበላህ «ሁሌ» ይመስልሃል፣ ሰው ነህና። ከዛ ቁጥር ላይ ምንም መደምደም አይቻልም፣ ተማሪዎቼንም ማስለቅሳቸው በዚሁ ነው።

እሺ፣ ትንንሾቹ። ከ2 2 እስከ 6 6 ያለው። እነዚህ በራሳቸው ብዙም አያሸንፉም፣ ከነሱ የምትፈልገው ፍሎፕ ላይ ሦስተኛዋ እንድትመጣ ነው። ይቺ ሦስተኛዋ የመጣችበት እጅ በእንግሊዝኛ ሚጠራበት ስም በኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት» ነው ሚሆነው፣ እና አንዴ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብዬ «ሴት እየጠበኩ ነው» ስል ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትገባ ሰምታ የሆነውን አልነግርህም። ከዛ ወዲህ እኛ ጋ «ሦስት» ነው ሚባለው፣ እዚህም ሦስት እላለሁ።

ሦስት ፍሎፕ ላይ ሚመታው 11.8 በመቶ ነው፣ ማለትም 7 ተኩል ጊዜ ስተህ አንዴ ትመታለህ። አሁን ያንተን 4 4 በዚህ እንየው። ልጁ ያለው ጠቅላላ 350 ነው፣ 80ውን ጨምሮ። አንተ 80 ከፍለህ ገባህ እንበል፣ ሌላው ሁሉ ጣለ። 7 ተኩል ጊዜ ስትስት 600 ከስረሃል። አንዴ ስትመታ፣ ልጁ ያለችውን ቆርኪ በሙሉ አንድም ሳያስቀር ቢሰጥህ እንኳን 350 እና የብላይንዱ 30 ነው፣ 380። 600 ከፍለህ 380 መግዛት ማለት ነው። አንዳንዴ ሳትመታም 4 4 ራሱ ሊያሸንፍ ይችላል፣ እውነት ነው፣ ግን ፍሎፑ ላይ ኩዊን 10 7 ተዘርግቶ እሱ ኦል ኢን ሲል 4 4 ይዘህ «ውሸቱን ነው» ማለት ምትችለው ስንቴ ነው? ስለዚህ ፎልዱ ልክ ነበር፣ 4 መውጣቷም ልክነቱን አይቀይረውም። የወጣችውን 4 ታያለህ፣ ያልወጣችባቸውን ሰባት ቅዳሜዎች ግን ማንም አይነግርህም።

አሁን ያንኑ 4 4 ይዘህ፣ ያው 80 ሬይዝ ያረገው ሰው ግን 2000 ያለው ቢሆን፣ አንተም 2000 ካለህ፣ ዓይንህን ሳታሽ ኮል በል። ካርታው ያው ነው፣ የተቀየረው ከኋላ ያለው ቆርኪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች በእጁ ይዞት ሚሄደው ቀላል ሂሳብ አለ፦ ለኮል ምትከፍለውን በ15 አባዛው፣ ከሁለታችሁ ቆርኪው ያነሰው ሰው ያን ያህል ካለው ግባ፣ ከሌለው ጣል። 80 ሲባዛ በ15፣ 1200። እሱ 2000 አለው፣ አንተም አለህ፣ ግባ። 7 ተኩል ብቻ ሆኖ ለምን 15 ትላለህ ካልክ፣ በመታህ ቁጥር ሰውየው ሙሉውን አይከፍልህም፣ ግማሹን ጊዜ እሱም ባዶ ስለሚሆን ፎልድ ይልሃል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሦስት ይዘህ ራሱ ትሸነፋለህ። ሰውየው አጥብቆ ሚጥል ዓይነት ከሆነ 20 አርገው፣ ፎልድ ማያውቅ ከሆነ 10ም ይበቃል። በዚሁ ሂሳብ አንድ ሰው 60 ብሎ ሌላው ወደ 200 ሲያሳድገው 4 4 ይጣላል፣ 200 በ15 3000 ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያን ያህል ያለው ሰው የለም። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው «ጥንድ እኮ ነው» እያለ ቆርኪውን ሚያፈሰው።

ሦስቱ ሲመታልህስ? እዚህ ላይ የናንተን ጠረጴዛ ሳላየው አውቀዋለሁ፣ እኛም ጋ እንደዛው ነው፣ ሰዉ ሦስት ሲመታለት ይደበቃል። ትንፋሹን ይዞ ቼክ (ሳያስይዝ ማለፍ)፣ ቼክ፣ ከዛ ሪቨር (አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ካርታ) ላይ ትልቅ ያስይዛል፣ ሁሉም ፎልድ ይላል፣ ካርታውን ገልብጦ «አያችሁ ሦስት 7 ነበረኝ» ይላል፣ ያገኘው ግን 90 ቆርኪ ነው። ሂሳቡን ተመልከተው። አንድ ሰው 60 አለ፣ አንተ ኮል፣ ፖቱ (መሃል የተጠራቀመው ቆርኪ) ከብላይንዱ ጋር 150። ፍሎፕ ላይ መታህ። 100 ብታስይዝና ኮል ቢልህ ፖቱ 350 ይሆናል፣ ተርን (አራተኛዋ ካርታ) ላይ 230 ብትል 810 ይሆናል፣ ሪቨር ላይ 500 ማለት ያን ጊዜ ትልቅ አይመስልም። ከሱ ያገኘኸው 830 ነው። ፍሎፑን ቼክ ብለህ ብታሳልፈው ደግሞ ተርን ላይ 100፣ ሪቨር ላይ 230፣ በቃ 330። አንዲት ቼክ 500 ቆርኪ በላችብህ። እና ልጆቹ ፎልድ ማያውቁ ከሆኑ፣ እንደ እምቦጭ አንዴ ከተጣበቁ ማይለቁ ከሆኑ፣ ለምንድነው ምትደበቀው? ከፈለጉ ይክፈሉ።

ፍሎፑ 9 8 4 ሆኖ ሁለቱ ሃርት (ልብ) ከሆኑማ ጭራሽ አትደበቅ፣ ገሚሱ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት) ሌላው ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) እየጠበቀ ነው፣ በነፃ ካርታ እየሰጠኸው ነው። ደርቆ ኪንግ 7 2፣ ሦስቱም የተለያየ ምልክት፣ አንድ ሰው ብቻ ካለህና እሱም ሁሌ ራሱ ሚያስይዝ ዓይነት ከሆነ አንዴ ቼክ ማለት ይቻላል፣ ከዛ በላይ አይደለም። ሦስት ይዘህ ፍላሽ ቢቀድምህም ሁሉ ነገር አላለቀም፣ ፍሎፕ ላይ ያለ ሦስት እስከ ሪቨር ድረስ ፉል ሃውስ (ሦስት ከጥንድ ጋር) ወይ አራት ተመሳሳይ ሚሆነው ከሦስት አንዴ ያህል ነው። ሦስትህ በትልቅ ሦስት ከተበላ ደግሞ ክፈልና ውጣ፣ 2000 ይዘህ እየተጫወትክ ከሱ ለማምለጥ መሞከር ሌላውን ሁሉ ያበላሽብሃል።

አሁን ወደ ጃኩ፣ ያቃጠለህ እሱ ስለሆነ። ከ7 7 እስከ ጃክ ጃክ ያሉት ጥንዶች ናቸው ሰው ሚያሳብዱት፣ ለመጣል ያሳሳሉ፣ ለመታመን ደግሞ አይበቁም። ጃክ ጃክ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ቢያንስ አንድ ኩዊን፣ ኪንግ ወይ ኤስ ሚመጣው 57 በመቶ ነው። በ10 10 ወደ 70 ይጠጋል፣ በኩዊን ኩዊን 41፣ በኪንግ ኪንግ 23። ስለዚህ ጃክ ጃክ ይዘህ ፍሎፑ ላይ ትልቅ ካርታ ሲመጣ «እድሌ ነው» አትበል፣ የተለመደው ነገር ነው የሆነው፣ ያልተለመደው አለመምጣቱ ነው።

ያንተ ፍሎፕ ኪንግ 8 3፣ ፊትህ ሦስት ሰው። የሦስቱም ካርታ እንዲያው በዘፈቀደ የተነሳ ቢሆን እንኳን ቢያንስ አንዱ ኪንግ የመያዙ ዕድል 34 በመቶ ነው፣ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ሰው ግን በዘፈቀደ አይገባም፣ ኪንግ የያዘ ሰው 60 ከፍሎ ይገባል፣ 6 2 የያዘው ነው ሚጥለው፣ ስለዚህ እውነተኛው ከ34 ይበልጣል። እሺ 200 አስያዝክ፣ እኔ ሦስት ሰው ፊት ቼክ እል ነበር፣ ግን ይሁን፣ 200ዋ አትገልህም። ከዛ አንዱ 600 አለ። ራስህን ጠይቅ፣ የጠረጴዛችሁ ልጅ ሦስት ሰው መሃል ሆኖ 600 ሚለው ምን ይዞ ነው? 8 7 ይዞ ነው? እንደዛ ሚያረግ ልጅ ካላችሁ አስተዋውቀኝ። ኪንግ ወይ ከዛ በላይ ነው። እሱ ኪንግ ከያዘ አንተን ሚያድኑህ ሁለት ጃኮች ብቻ ናቸው፣ ተርንና ሪቨርን አንድ ላይ ብታይ እንኳን 8.4 በመቶ። አንተ የቀረህን 1700 ምናምን በ8.4 በመቶ ላይ ጣልከው። ጃኮቹን ደርበህ አስቀምጠህ «ይሁንልህ» ብትል ኖሮ የከሰርከው 260 ነበር፣ እሁድም አሳውን ሌላ ሰው ይጋብዝህ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ፊትህ ቢሆን ነገሩ ይለያል። ጥንድ ያልሆነ ሁለት ካርታ የያዘ ሰው ፍሎፕ ላይ ምንም ሳይመታለት ሚቀረው ከሦስት ሁለቴ ነው፣ ስለዚህ ኪንግ ቢወጣም የፖቱን ሲሶ ያህል አንዴ አስይዝ፣ ብዙ ጊዜ እዛው ያልቃል። ኮል ካለህ ከዛ በኋላ ፍጥነት ቀንስ። ፍሎፑ 9 5 2 ሆኖ ጃክ ጃክ ካለህ ደግሞ በደንብ አስከፍል፣ እንደዚህ ያለ ፍሎፕ እየለመንክ ነው የተቀመጥከው። ብቻ ዝምተኛውን ሰው ጠብቅ። እኛ ጋ አንድ ወንድም አለ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮል ኮል ሲል ይውላል፣ ቀዩን ቆርኪ በቀይ ላይ ቢጫውን በቢጫ ላይ ሲደረድር ካየኸው አለቀልህ፣ ከደረደረ በኋላ ሬይዝ ይመጣል፣ ሬይዙ ሲመጣ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሸት ሆኖ ያየሁት አንዴ ነው፣ ያም መብራት ጠፍቶ ካርታውን በደንብ ስላላየው ነው። የዚህ ሰው ሬይዝ ተርን ላይ ከመጣ ጃክ ጃክም ኩዊን ኩዊንም ይጣላል።

ሌላው ያልጠየቅከኝ ነገር፣ 60 ስትል ሦስት ሰው ኮል ሚልህ ከሆነ 60 ዋጋ አይደለም። ፖከር ምናምን ያስተማሩህ ቪዲዮዎች ላይ የትልቁን ብላይንድ ሁለት ተኩል ሦስት እጥፍ በሉ ይላሉ፣ እሱ ፎልድ ሚያውቅ ሰው መሃል ነው። እናንተ ጋ 100 በል፣ ከፊትህ 20 ብለው ዝም ብለው የገቡ ካሉ ለያንዳንዳቸው 20 ጨምርበት። ሦስት ሰው የነበረው አንድ ሁለት ይሆናል፣ ጃክ ጃክ ደግሞ ሚወደው እሱን ነው።

ይሄ ነገር ለኤስ ኤስና ለኪንግ ኪንግ የበለጠ ይሰራል፣ እኔም የተማርኩት ከፍዬ ነው። ኤስ ኤስ ከአንድ ሰው ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፣ አራት ሰው ሲሆን 56 ይሆናል፣ አምስት ሲሆን 49፣ ማለትም ስድስታችሁም ከገባችሁ የዓለም ምርጥ ካርታ ይዘህ ከግማሽ በታች ነህ። አንድ ቅዳሜ ኤስ ኤስ መጣልኝ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ 20 ብቻ ከፍዬ ዝም አልኩ፣ ሁሉም ገባ፣ ትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው ጎረቤቴም በነፃ። ፍሎፕ 9 8 6። አስያዝኩ፣ ሁለት ሰው ተከተለኝ። ተርን 7። እዚህ ጋ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ፣ 10 የያዘ አሸነፈኝ፣ 5 የያዘም አሸነፈኝ፣ ግን ዓይኔ ኤሶቹ ላይ ነው፣ እጄ ዝም ብሎ ቆርኪ ይገፋል። ጎረቤቴ 5 2 ገለበጠ። 5 2! 100 ብል ኖሮ እኮ ካርታውን ወርውሮ ጀበናው ጋ ይሄድ ነበር። እሁድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ለስድስት ሰው ቆሮሶ ጥብስ ከፈልኩ፣ ፈረንጆቹ ደካማ ፖከር ተጫዋችን «አሳ» ነው ሚሉት፣ የዛን ቀን የአሳውን ጭንቅላት ወደኔ አዙረው ነው የበሉት።

ኪንግ ኪንግ ይዘው ኤስ ኤስ የሚፈሩ አሉ፣ ተዋቸው። ስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ኪንግ ኪንግ ይዘህ ከአምስቱ አንዱ ኤስ ኤስ ሚይዘው 2.4 በመቶ ያህል ነው። ፍሎፕ ከመዘርጋቱ በፊት ኪንግ ኪንግ ይዘህ አንድ ሰው ኦል ኢን ካለብህ ግባ፣ ኤስ ኤስ ከሆነ አሳ ትጋብዛለህ፣ ምንም ማረግ አይቻልም፣ ከአምስት አንዴ ደግሞ ያኔም ታሸንፋለህ።

ቆርኪህ ሲያልቅ ግን እስካሁን ስለትንንሾቹ ያልኩትን ገልብጠው። 200 ብቻ ቀርቶህ፣ የትልቁ ብላይንድ አስር እጥፍ ማለት ነው፣ 5 5 ቢመጣልህ «ሦስተኛዋን ልጠብቅ» ማለት የለም፣ ለመጠበቂያ ምትከፍለው የለህም። ከፊትህ ማንም ሬይዝ ካላረገ ኦል ኢን በል። ሁሉም ሊጥል ይችላል፣ ኤስ ኪንግ የያዘ ኮል ቢልህ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል አለህ፣ በትልቅ ጥንድ ከተያዝክ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነው። 2000 ይዘህ ግን በ5 5 ኦል ኢን ስትል ኮል ሚልህ ማነው? ትልቅ ጥንድ ወይ ኤስ ኪንግ። ሲሻልህ ሳንቲም መወርወር፣ ሲብስብህ ከአምስት አንዴ፣ ስለዚህ በሙሉ ቆርኪ አታርገው።

መጨረሻ ላይ «ሁሉም 20 ብሎ ሲገባ በ2 2 ልግባ ወይ» ብለሃል። ግባ፣ በተለይ መጨረሻ ምትናገረው አንተ ከሆንክ፣ ለመግባት 20 ብቻ ነው ምትከፍለው፣ ከኋላ 2000 አለ፣ አምስቱም ፎልድ አያውቁም፣ ከዚህ የተሻለ ዋጋ የትም አታገኝም። መጀመሪያ ተናጋሪ ከሆንክና ከኋላህ 100 ሚል አመለኛ ካለ ግን ጣላት፣ 20ውንም ታጣለህ ፍሎፑንም አታየውም። ፍሎፑ 2 ካላመጣ ደግሞ ቼክ፣ ፎልድ፣ ወደ ቡናህ።